ካባ፣ ስላቅና ጆይስቲክ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስለ ሱፐርሂሮ ፊልም፣ ስለ ስላቅ ቲቪና ስለ ጌም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ስድብም አለበት፤ እሱን ዘልዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስፖይለር አለ፤ ያላያችሁት ነገር ስም ሲመጣ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እለፉ።

ጥያቄ፦ ሱፐርሂሮ አልሰለቸህም? እኔ ከ«ኤንድጌም» በኋላ እርግፍ አድርጌ ተውኩት።

እንዳንተ የተወ ብዙ ሰው አለ። «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» በ2019 ወጥቶ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ከ2008ቱ «አይረን ማን» ሲቆጠር 22ኛው ፊልም ነበር። አራት ዓመት ቆይቶ የወጣው «ዘ ማርቭልስ» ግን ከመላው ዓለም ያገኘው 206 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማርቭል ስቱዲዮስ ከዚያ ያነሰ ገቢ አይቶ አያውቅም።

ሰው «ካባ ለባሽ ሰለቸን» ይላል። እኔ አይመስለኝም። የሰለቸን የቤት ሥራው ነው። «ዘ ማርቭልስ» ሦስት ሴት ጀግኖች አሉት። አንዷን ለማወቅ የ2019ኙን «ካፒቴን ማርቭል» ማየት አለብህ። ሌላዋ የመጣችው ከ«ዋንዳቪዥን» ነው፤ ሦስተኛዋ ከ«ሚስ ማርቭል»። ሁለቱም ዲዝኒ ፕላስ ላይ የወጡ ተከታታዮች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ትኬት የቆረጠ ሰው ፈተና ላይ መቀመጥ አይፈልግም።

«ታዲያ ‹ዴድፑል ኤንድ ዎልቨሪን› በ2024 እንዴት ከ1.3 ቢሊዮን በላይ አስገባ? እሱም በውስጥ ቀልድ የታጨቀ ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ልዩነቱ እዚያ ቀልዱ ባይገባህም ሁለት የማይዋደዱ ሰዎች መኪና ውስጥ ሲቧቀሱ ትስቃለህ።

ጥያቄ፦ የ2025ቱን «ሱፐርማን»፣ «ፋንታስቲክ ፎር» እና «ተንደርቦልትስ» በደረጃ አስቀምጥልን።

«ሱፐርማን» አንደኛ፣ «ተንደርቦልትስ» ሁለተኛ፣ «ፋንታስቲክ ፎር» ሦስተኛ። ገቢው በሌላ ቅደም ተከተል ነው፤ «ሱፐርማን» ወደ 615፣ «ተንደርቦልትስ» ወደ 380፣ «ፋንታስቲክ ፎር» ወደ 520 ሚሊዮን ዶላር።

የጀምስ ጋን «ሱፐርማን» ልደቱን አያሳይም። ፕላኔቱ ሲፈነዳ፣ ሕፃኑ እርሻ ላይ ሲወድቅ፣ ያንን ሁሉ ዘለለው። ሲጀምር ሰውዬው ተደብድቦ በረዶ ላይ ወድቋል። ከዚያ ደግሞ ረጅም የቃለ መጠይቅ ትዕይንት አለ። ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን መቅረጫዋን ትከፍትና «የሌላ አገር ጦርነት ውስጥ በማን ፈቃድ ገባህ?» ብላ ታፋጥጠዋለች። እሱ ይናደዳል። በቡጢ የማይመለስ ጥያቄ ነው። ከፊልሙ ፍንዳታዎች ሁሉ በላይ ያቺ ትዕይንት ትይዘኛለች፤ የተዋናዮቹ የዴቪድ ኮረንስዌትና የሬቸል ብሮስናሃን ሥራ ነው።

ሌላው የወደድኩት የሱፐርማን ጠላት የሌክስ ሉተር ዝንጀሮዎች ናቸው። በሌላ ዓለም ውስጥ ተደርድረው፣ ኪቦርድ ፊታቸው ተቀምጦ፣ ሌት ተቀን ሱፐርማንን ኢንተርኔት ላይ ይሳደባሉ። ተከፍሎት የሚሳደብ አካውንት ያጋጠመው ሁሉ ይስቃል። ያላጋጠመው ማን አለ?

«ተንደርቦልትስ» ጠላቱ የአእምሮ ጨለማ ነው። መጨረሻ ላይ ማሸነፊያው ዱላ አይደለም፤ ሰውየውን ተሰብስበው ያቅፉታል። ይህን ማርቭል ደፍሮ ሠራው ብሎ ማን ያምን ነበር? ፍሎረንስ ፒው ደግሞ ብቻዋን ፊልሙን ትሸከማለች።

«ፋንታስቲክ ፎር» ያምራል። የ1960ዎቹ መልክ፣ ቀለሙ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም። የቤት ሥራም የለውም፤ ራሱን የቻለ ዓለም ላይ ነው። ብቻ ሰዎቹ ከመጠን በላይ ጨዋ ናቸው። አራት ሰው አንድ ቤት ውስጥ እየኖረ እንዴት አንድ ቀን እንኳ የእውነት አይጣላም?

ጥያቄ፦ ስናይደር ወይስ ጋን?

ጋን። ከእሱ በፊት ሱፐርማንን የሠራው የዛክ ስናይደር ካሜራ ግን ይናፍቀኛል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ «ዘ ቦይስ» ላይ ካባ ያለው ሰው አይቶ ክፈቺልኝ ብሎ እያስቸገረኝ ነው። ይሆነዋል?

እህቴ፣ በፍጹም! ሪሞቱን ደብቂ። ሱፐርሂሮ ላይ የሚሳለቅ የአዋቂዎች ተከታታይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሩብ እንኳ ሳይደርስ አንዲት ልጅ መንገድ ዳር ቆማ ወደ ደም ጭጋግ ትለወጣለች። ከዚያ በኋላ እየባሰ ነው የሚሄደው። ይልቅ «ስፓይደርማን፦ ኢንቱ ዘ ስፓይደር-ቨርስ»ን ክፈቺለት። የ2018 አኒሜሽን ነው፤ ኦስካር ወስዷል። አንቺም አጠገቡ ተቀመጪ፤ ለልጅ ብቻ የተሠራ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ዘ ቦይስ» መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበር፤ በኋላ ግን ፖለቲካ አበዛ። ሆምላንደርንም አለቦታው ሰይጣን አደረጉት። ትስማማለህ?

በመጀመሪያው አልስማማም። በሁለተኛው ደግሞ ደነገጥኩልህ። ሆምላንደር፣ የተከታታዩ ዋና ካባ ለባሽ፣ ገና በአንደኛው ሲዝን ሰው የሞላበት አውሮፕላን ሲወድቅ ትቶ ሄዷል እኮ።

«ዘ ቦይስ» በ2019 ሲጀምር ጀምሮ ፖለቲካ ነበር። ቮት የተባለው ኩባንያ ጀግኖቹን እንደ ሳሙና ይሸጣል። ፊልም፣ ማስታወቂያ፣ የመንግሥት ኮንትራት፣ ሁሉም እዚያው ነው። የመጀመሪያው ሲዝን የሚስቀው በካባው ሳይሆን በሻጩ ነው። አዘጋጁ ኤሪክ ክሪፕኪ ደግሞ ሆምላንደርን ከትራምፕ ጋር እንደሚያመሳስለው በአደባባይ ተናግሯል። የደበቀው ነገር የለም።

ቅሬታህ ውስጥ ግን አንድ እውነት አለ። ስላቁ እየቆየ ከዜናው ጋር እግር ለእግር መሄድ ጀመረ፤ ዜናው ደግሞ ቀደመው። በ2024 የአራተኛው ሲዝን መደምደሚያ ስለ ፖለቲካ ግድያ ሴራ ነበር፤ ርዕሱም ያንኑ የሚል። ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ጁላይ 13 ላይ ትራምፕ ላይ ተተኮሰ። ተከታታዩን ያወጣው አማዞን ርዕሱን ቀይሮ ማሳሰቢያ ጨመረበት። ክፍሉ የተቀረጸው ከብዙ ጊዜ በፊት ነው፤ ማንንም አልተከተለም። ግን ስታየው አትስቅም። ስላቅ ከእውነታው ትንሽ ማጋነን አለበት። እውነታው ራሱ ሲያጋንን ጸሐፊው ምን ይሥራ? «ዘ ቦይስ» መልሱ ደም መጨመር ሆነ። እኔ ቮት ላይ ቢቆዩ ይሻል ነበር ባይ ነኝ። የስብሰባ ክፍሉ፣ የማርኬቲንግ ቡድኑ፣ አዲስ ጀግና በስንት ይሸጣል የሚለው ክርክር፤ የተከታታዩ ጥርስ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ «ሳውዝ ፓርክ» በዚህ ዕድሜው አሁንም ይሠራል?

ከ1997 ጀምሮ አለ። ብዙ ሰው አብቅቶለታል ብሎ ነበር፤ እኔም ለጥቂት ዓመታት ችላ ብዬው ነበር። ከዚያ የ2025 ጁላይ መጣ።

ነገሩን ከሥር ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት ቀልዱ ግማሹ ያልፋችኋል። የ«ሳውዝ ፓርክ» አሠሪ ፓራማውንት ስካይዳንስ ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ለመዋሃድ የመንግሥት ፈቃድ እየጠበቀ ነበር። በዚያው ወር ከትራምፕ ጋር የነበረበትን ክስ 16 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ዘጋ። በዚሁ ኩባንያ ሥር ባለው ሲቢኤስ ላይ የነበረው የስቲቨን ኮልበርት የምሽት ትዕይንት እንደሚቋረጥም ታወጀ። የ«ሳውዝ ፓርክ» ፈጣሪዎች ትሬይ ፓርከርና ማት ስቶን በበኩላቸው ከዚሁ ፓራማውንት ጋር ለአምስት ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ፈረሙ። ፊርማው ገና ሳይደርቅ ጁላይ 23 ላይ የሲዝኑን መክፈቻ አወጡ። ትራምፕን ሰይጣን አልጋ ውስጥ ከተቱት፤ ከፋያቸውን ፓራማውንትንም አብረው ገረፉት። ዋይት ሐውስ ተከታታዩ ከሃያ ዓመት ወዲህ ዋጋ የለውም ብሎ መልስ ሰጠ። ዋጋ ለሌለው ነገር መልስ መስጠት ያስቃል። በማግስቱ ውህደቱ ተፈቀደ።

የማደንቀው ድፍረቱን ብቻ አይደለም። 1.5 ቢሊዮን ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ መድፈር ቀላል ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። የማደንቀው ፍጥነቱን ነው። አንድ ክፍል በስድስት ቀን ገደማ ነው የሚጨርሱት። «ዘ ሲምፕሰንስ» ለአንድ ክፍል ወራት ይፈጅበታል። «ሳውዝ ፓርክ» ማክሰኞ የሆነውን በሳምንቱ ይቀልድበታል። ሪፐብሊካንም ዴሞክራትም አይምርም፤ የቆየ ሰው ሁለቱም ወገን ሲቀጣ አይቷል።

ጥያቄ፦ እኛስ ጋ እንዲህ ያለ ስላቅ ይቻላል?

በፋና ይተላለፍ የነበረው «ምን ልታዘዝ» ሞክሮታል፤ ያውም በደንብ። አንድ ካፌ፣ ጥቂት አስተናጋጆች፣ ጥቂት ደንበኞች። ካፌው አገር መሆኑ ለማንም አይጠፋም ነበር። ስም አይጠራም፤ ግን ማን እንደተነካ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል። የ«ሳውዝ ፓርክ»ን መንገድ እንቅዳ ካልን አይሆንልንም፤ እነሱ በስም ጠርተው ነው የሚሰድቡት። የካፌው መንገድ ለእኛ ጆሮ የቀረበ ነው።

ጥያቄ፦ ዋካንዳ ኢትዮጵያ ናት የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

አይደለም። ዋካንዳ የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም የፈጠራ አገር ናት። ቅኝ ያልተገዛ የአፍሪካ አገር ስለሆነ ወደ እኛ መሳቡ ይገባኛል። ግን የ2018ቱ «ብላክ ፓንተር» ከመላው አህጉሪቱ ነው የለቀመው። ብርድ ልብሱ ከሌሶቶ፣ ቀይ አፈር የተቀባው ጸጉር ከናሚቢያ ሂምባዎች፣ የንግሥቲቱ ባርኔጣ ከዙሉ። ከእኛ የተወሰደው በሸንጎው ላይ አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ክብ ሸክላ ያደረገው ሰው ነው፤ የሙርሲና የሱሪ ነገር። በእነሱ ዘንድ ሸክላውን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው፤ ፊልሙ ለወንድ ሰጠው። የልብሱ ባለሙያ ሩት ካርተር ለዚህ ሥራ ኦስካር ወስዳለች። ሸማ ብታስገባበት ደስ ይለኝ ነበር።

የራሳችንን ጀግና የሚፈልግ ደግሞ የኢታን ኮሚክስን «ጀምበር» ይፈልግ። በ2018 የወጣ ነው፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ።

ጥያቄ፦ ፊልም ትቼ ጌም ልጀምር ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ነው። የሱፐርሂሮ ጌም ምን ልጫወት?

«ባትማን፦ አርካም አሳይለም»። የ2009 ነው፤ ማሽንህ ይሸከመዋል። «ማርቭል ራይቫልስ» ነፃ ነው ብለው አያታልሉህ፤ 16 ጊጋ ራምና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃል።

«አርካም» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደካማ ጎኔ ነው። ድብድቡ ቀላል ነው። አንዱ ቁልፍ መምቻ፣ አንዱ መመለሻ። ጥበቡ ሰዓቱን መጠበቅ ነው፤ ካወቅከው አሥር ሰው መሀል እንደ እስክስታ ትሄዳለህ። ግን ጌሙን ያነገሠው ሌላ ነው። ጣራ ላይ ተንጠልጥለህ ከታች ጠመንጃ የያዙትን ታያለህ። አንዱን ጎትተህ ትሰቅላለህ። የቀሩት መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ የማየት ችሎታህን ስትከፍት የእያንዳንዱ መረበሽ ተጽፎ ታያለህ። ፊልም ባትማን እንደሚያስፈራ ይነግርሃል። እዚህ የምታስፈራው አንተ ነህ። የባትማን ድምፅ ደግሞ በ2022 ያረፈው ኬቨን ኮንሮይ ነው።

ከጨረስክ «አርካም ሲቲ»ን ቀጥል።

ጥያቄ፦ እነዚያው ሰዎች አይደሉ እንዴ «ሱሳይድ ስኳድ»ን የሠሩት? ምን ነካቸው?

እነሱው ናቸው፤ ሮክስቴዲ። ያው የቤት ሥራ ነው የነካቸው፤ እዚህ ስሙ «ላይቭ ሰርቪስ» ነው። በየሳምንቱ ተመለስ፣ መሣሪያ ሰብስብ፣ ልብስ ግዛ። ለዚያ ሲባል ሻርክ የሆነው ሰውዬ እንኳ መትረየስ ተሰጠው። ጥርስ ላለው ሰው መትረየስ! በ2024 ወጣ፤ አሳታሚው ዋርነር 200 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። የስኩዌር ኢኒክስ «ማርቭልስ አቬንጀርስ»ም ከዚያ በፊት በዚሁ መንገድ ሄዶ በ2023 ከገበያ ወርዷል። ኢንሶምኒያክ ግን በ2018 «ስፓይደርማን»ን አንድ ሰው ብቻውን ተጫውቶ የሚጨርሰው ታሪክ አድርጎ ሠራ፤ አሁንም ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ስላቅም ጀግናም ያለበት ጌም አለ?

ሁለት። የመጀመሪያው የ2017ቱ «ሳውዝ ፓርክ፦ ዘ ፍራክቸርድ በት ሆል» ነው። ልጆቹ ካባ ለብሰው ይጫወታሉ፤ ከዚያ ስለ ፊልም ፍራንቻይዝ እቅድ ተጣልተው ለሁለት ይከፈላሉ። ማን መቼ የራሱን ፊልም ያገኛል የሚል ጠብ ነው! ገና ሲጀምር ደግሞ የጌሙን አስቸጋሪነት ከፍ ስታደርግ የገጸ ባሕርይህ ቆዳ ይጠቁራል፤ አስቸጋሪነቱ ድብድቡን ሳይሆን የቀረውን ሕይወትህን ነው የሚነካው ይልሃል። ጥቁር ሆኖ አሜሪካ የኖረ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሁለተኛው በ2025 መጨረሻ የወጣው «ዲስፓች» ነው። የሮቦት ልብሱ የተሰበረበት ጀግና ቢሮ ተቀጥሮ ስልክ ያነሳል፤ የቀድሞ ወንጀለኞችን ወደየአደጋው ይልካል። ድምፁ አሮን ፖል ነው። የቢሮ ሐሜት፣ የቡና ማሽን፣ የአለቃ ፊት፤ ሁሉም አለ። ስምንት ክፍል ነው፤ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር ዶክተር ዱም ሆኖ መመለሱን እንዴት ታየዋለህ?

እንደ ፍርሃት። ዳውኒ የተጫወተውን አይረን ማንን የገደለ ስቱዲዮ ያንኑ ፊት ሌላ ጭንብል አልብሶ ሲያመጣ አዲስ ሰው ላይ መወራረድ ፈርቷል ማለት ነው። ዱም ከኮሚክ ክፉዎች ሁሉ ምርጡ ነው፤ ንጉሥ፣ ሳይንቲስትና ጠንቋይ በአንድ ጊዜ። ፊቱን የማይገልጥ ሰው መሆኑ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። እነሱ የገዙት ግን ፊቱን ነው። «ዱምስዴይ» ለዲሴምበር 18፣ 2026 ተቀጥሯል። አዎ፣ ትኬት እገዛለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድም የቀደመ ፊልም ደግሜ አላይም፤ ካልገባኝ ጥፋቱ የእነሱ ነው።