ሚዛኑ ለምን ቆመ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ላለፉት 6 ሳምንታት በየማታው 30 ደቂቃ ፈጠን ብዬ በእግሬ እጓዛለሁ፤ ራትም ትቻለሁ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት 3 ኪሎ ብቀንስም ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ምግብ ሲቀነስ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያከማቸውን ግላይኮጅን (ለኃይል የሚቀመጥ የስኳር ክምችት) ስለሚጠቀምና እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቆይ፣ በመጀመሪያ ከቀነሱት ክብደት ጥቂት የማይባለው ስብ ሳይሆን ውኃ ነበር። ስብ ዝግ ብሎ ነው የሚቀንሰው፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳ መልካም ውጤት ነው። ራት መተውዎን ግን አልወደድነውም፤ ራቱን የዘለለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ቆሞ የሚበላው ብዙ ጊዜ ከራቱ ይበልጣል (ከራሳችን እናውቀዋለን)። ይልቁንስ የሳህንዎን ግማሽ በአትክልት ይሙሉ፤ ጣፋጭ መጠጦችንም በውኃ ይተኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በ2 ቀናት ጡንቻን የሚያጠነክር ስፖርትንም ነው፤ ለእርስዎ የጎደለዎት ይኸኛው ነው። በእጅዎ ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ለጅማሬ ይበቃል። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪምዎን ያማክሩ።