የዕጩዎችን ዝርዝር እስከ ታች አንብቡት

የፊልም ሽልማት ሰሞን ስልኬ እረፍት የለውም። ጉማ አዋርድ ሲደርስም፣ ኦስካር ሲደርስም ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ማን ይወስዳል?» እኔ እንጃ ልጆች። ዕድሜዬን ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ የጨረስኩ የድምፅ ሰው ነኝ እንጂ ጠንቋይ አይደለሁም። ግን እዚህ ጅማ ውስጥ በስልክም በተዋሳችሁት ካሜራም አጭር ፊልም ለመሥራት ስትሯሯጡ አያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁም እቤት ድረስ እየመጣችሁ የቀረፃችሁትን ታሰሙኛላችሁ። ስለዚህ ስለ ዕጩና ስለ አሸናፊ የማስበውን አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አሸናፊውን ለጊዜው ተዉት። ዕጩዎቹን እዩ። የሙያው ትምህርት እዚያ ነው ያለው።

ለምን መሰላችሁ? ኦስካርን እንውሰድ። እዚያ ዕጩ የሚያቀርበው በአብዛኛው የዚያው ሙያ ሰው ነው። ለኤዲቲንግ ኤዲተሮች፣ ለትወና ተዋንያን፣ ለድምፅ የድምፅ ሰዎች ይመርጣሉ። ምርጥ ፊልም ላይ ነው ከመጀመሪያው ሁሉም የሚገባበት። አምስቱ ዕጩዎች ከተለዩ በኋላ ግን የመጨረሻው ምርጫ ኦስካርን ለሚሰጠው አካዳሚ መላው አባል ይከፈታል፤ የልብስ ዲዛይነሩ ስለ ድምፅ፣ የድምፅ ሰውየው ስለ ሜካፕ ይፈርዳል። በዚህ ላይ ወሬው አለ፣ የስቱዲዮው ማስታወቂያ አለ፣ «ሰውየው እኮ አረጀ፣ አሁን እንኳ እንስጠው» የሚል ይሉኝታም አለ። ጭራሽ በየዘርፉ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ያላየ አባል በመጨረሻው ዙር አይመርጥም የሚለው ደንብ ለሁሉም ዘርፍ የወጣው ገና በ2025 ነው (ከአገራችን ሽልማት በቀር ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍላችሁ)። እስከዚያ ድረስ ሳያዩ ነበር እንዴ የሚመርጡት? ብላችሁ ብትስቁ አልፈርድባችሁም።

ፖስታው ሲቀደድ ልባችን የሚመታውም ቢሆን በኋላ የመጣ ነገር ነው። በ1929 ሆሊውድ ሩዝቬልት ሆቴል በተደረገው የመጀመሪያው ሥነ ሥርዓት ሽልማቱን ሰጥቶ ለመጨረስ 15 ደቂቃ ገደማ በቃ፤ አሸናፊዎቹ ከሦስት ወር በፊት ታውቀው ነበርና ማንም አልተጨነቀም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዝርዝሩ «ሰዓቱ ሳይደርስ እንዳታወጡ» እየተባለ ለጋዜጦች አስቀድሞ ይሰጥ ነበር። በ1940 አንዱ ጋዜጣ አላስቻለውም፣ እንግዶቹ አዳራሽ ሳይገቡ አወጣው። የታሸገው ፖስታ የመጣው በዓመቱ ነው። በዚያችው የ1940 ምሽት ተዋናይቷ ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ የተቀመጠችው ግን ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ፣ ግድግዳ ጥግ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ነበር። አሸናፊ ብለው ስሟን ጠሩ፣ ወንበሯን ግን ከዚያ ጥግ አላነሱትም።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። ኬቨን ኦኮነል ይባላል፣ የድምፅ ሚክሰር ነው፤ የፊልሙን ንግግር፣ ሙዚቃና ሌላውን ድምፅ አመጣጥኖ የሚያዋህድ ማለት ነው። መጀመሪያ የታጨው በ1984ቱ ሥነ ሥርዓት ነው። አላሸነፈም። እንደገና ታጨ፣ አላሸነፈም። «ቶፕ ገን»ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አይደል? በእሱም ታጨ፣ በእሱም አላሸነፈም። እንዲህ እንዲህ እያለ 20 ጊዜ ሱፉን ለብሶ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጋዜጠኞች በየዓመቱ እየጠበቁ «በኦስካር ታሪክ ዕድለ ቢሱ ሰው» እያሉ ይጽፉበት ጀመር፤ ለእነሱ ጥሩ ወሬ ነው። በ2017 በ21ኛው ዕጩነቱ «ሃክሶው ሪጅ» በሚለው የጦርነት ፊልም ከባልደረቦቹ ጋር አሸነፈ። መድረክ ላይ ወጥቶ ያነሳው እናቱን ነው። የድምፅ ሥራ ያስገባችው እሷ ነበረች፤ ውለታሽን በምን ልክፈል ቢላት፣ ጠንክረህ ሥራ፣ አንድ ቀን ኦስካር አሸንፍና እዚያ ላይ ቆመህ በዓለም ፊት አመስግነኝ ብላው ነበር። እሱ ሲያሸንፍ እሷ በሕይወት አልነበረችም።

እኔ ስለዚህ ሰው ሳስብ ያቺን ምሽት አላስብም። 21 ጊዜ! ከ30 ዓመት በላይ፣ ቴክኖሎጂው ከቴፕ ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ፣ ዳይሬክተሩ ሲቀያየር፣ ሥራውን እንደ መዳፋቸው የሚያውቁት ሰዎች በየጊዜው ቁጭ ብለው ሰምተው «ይሄ ሰው ከአምስቱ አንዱ ነው» አሉ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ለነገሩ የዚያን ምሽት ማንም ስለ እሱ አላወራም። ምክንያቱም ያው ምሽት ነው የምርጥ ፊልም ፖስታ የተቀያየረው። ሁለት የሒሳብ ባለሙያዎች በመድረኩ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዳቸው ሙሉ የፖስታ ስብስብ ይዘው ይቆማሉ፤ አንደኛው የምርጥ ተዋናይትን ትርፍ ፖስታ ሰጠና «ላ ላ ላንድ» ተባለ። ሰዎቹ ወጥተው ምስጋናቸውን ጀምረው ሳለ ያሸነፈው «ሙንላይት» መሆኑ ተነገረ። እና የዓለም ወሬ ስለ ፖስታ ሆነ። የድምፅ ሰው ዕጣ ፈንታ ይሄው ነው፣ ባሸነፈበት ቀን እንኳ አይሰማም።

ወደ እኛው ልመለስ። ጉማ አዋርድ በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር ስሙን የወሰደው ሚሼል ፓፓታኪስ ከሠራው «ጉማ» ፊልም ነው። ለእኛ ለጅማ ልጆች ደግሞ ጉማ ከጊቤ አምስቱ መንግሥታት አንዱ፣ የጎረቤታችን ስም ነው፤ ይሄን ለጨዋታ ያህል ነው። ቁም ነገሩ፣ በየዓመቱ ሽልማቱ በተሰጠ ማግስት የምንሰማው ነው። «ተበላን!» «ተሽጧል!» «ዘመዱ ስለሆነ ነው!» እናንተም ትሉታላችሁ፣ ሰምቻችኋለሁ። አድልዎ የሚባል ነገር የለም ልላችሁ አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ የታጩትን ሁሉ አይታችኋል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አንዱን አይቻለሁ» ነው። ያውም የወደዱትን ተዋናይ ፊልም።

እንግዲህ ይሄን ሞክሩ። ዝርዝሩ ሲወጣ ከምርጥ ፊልምና ከምርጥ ተዋናይ ዝለሉና ወደ ታች ውረዱ፣ የናንተ ሙያ ጋ። ድምፅ ከሆነ ድምፅ፣ ኤዲቲንግ ከሆነ ኤዲቲንግ። ያገኛችሁትን ዕጩ ፊልም ሁሉ ሰብስቡ። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ ስሙ፤ በስልኩ ስፒከር ሳይሆን በደህና ማዳመጫ። የራሳችሁን ምርጫ ከነምክንያቱ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት። «ደስ ስላለኝ» ምክንያት አይደለም። የቱ ቦታ? ምን ሰማችሁ? ዳኞቹ ከእናንተ ተለዩ አልተለዩ ግድ የለም፤ ጆሯችሁ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለወጣል።

ምን እንስማ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ካመጣችሁልኝ አጭር ፊልም ልነሳ፣ ስማችሁን አልጠራም አትፍሩ። እናትየው ወጥ ቤት ቆማ ትናገራለች፣ ከጀርባዋ ባጃጅ አለ። ካሜራው ወደ ልጁ ሲዞር ባጃጁ የለም። እናትየው ስትመልስ ባጃጁ ተመለሰ! ታሪኩ ያምራል፣ ልጅቷም ጎበዝ ተዋናይ ናት፣ እኔ ግን ግማሹን ፊልም ያየሁት ያ ባጃጅ የት ገባ እያልኩ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ሰው ዝም ይበልና የክፍሉን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ቅረፁ፣ ሩም ቶን የምንለውን። በኤዲቲንግ ጊዜ ስፌቱን የሚሸፍንላችሁ እሱ ነው። ሙዚቃ አይደለም። መጥፎ ድምፅ ላይ ሙዚቃ ማብዛት ያረረ ወጥ ላይ በርበሬ መነስነስ ነው፣ ማረሩን ማንም አይስተውም።

ጅማ ደግሞ ለድምፅ ሰው ከባድ ከተማ ናት፣ እወቁት። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲጀምር ተዋናዩ ቢጮህም አይሰማም። ስለዚህ የቤት ውስጥ ንግግር ያለበትን ትዕይንት ጠዋት ጠዋት ያዙት፣ ከሰዓት በኋላውን ለዝናቡ ተዉለት። ዝናቡን ራሱን ግን ለብቻው ቅረፁት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ከቡና ዛፍ ሥር፣ አዌቱ ወንዝ ዳር፤ ሦስቱም ድምፃቸው ይለያያል፣ አንድ ቀን ያስፈልጓችኋል። በሰው ቤት ስትቀርፁ ፍሪጁን አስፈቅዳችሁ ንቀሉት፤ ስትነቅሉት የባጃጃችሁን ወይም የሞተራችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ይሄ በየአገሩ ያለ የድምፅ ሰዎች ዘዴ ነው። ያለ ቁልፍ ወደ ቤት አትሄዱም፤ ቁልፉን ልትወስዱ ስትከፍቱት ደግሞ መልሳችሁ ትሰኩታላችሁ። የሰው ሥጋ አበላሽታችሁ ሁለተኛ ማን ቤቱን ይሰጣችኋል?

ሌላው አሰልቺ ነገር ግን የግድ የምለው፣ ወረቀት ነው። አንድ ፊልም ላይ ለወራት ለፍቼ፣ ፊልሙ በድምፅ ታጭቶ፣ ዝርዝሩ ላይ የወጣው ስም የሌላ ሰው ነበር። የማን ፊልም እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየውም ዛሬ ሰላምታ የምንሰጣጥ ሰዎች ነን። የሚያሳዝነው፣ ልከራከር ብል የምይዘው አንድ ወረቀት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ሁላችንም በቃል ነበር የምንሠራው። እናንተ በቃል አትሥሩ። ከጓደኛችሁ ጋርም ቢሆን። ማን ምን እንደሠራና ስሙ በክሬዲቱ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከነፊደሉ፣ ቀረጻ ሳይጀመር ይፈረም። ቡም፣ ማለትም የማይኩን ረጅም ዘንግ፣ የያዘው ልጅ ስሙ ይግባ። ጄኔሬተር የጠበቀው ይግባ። የተጠቀማችሁበት ዘፈን ፈቃድ ይኑረው፤ ፊልሙን ውጭ ለመላክ ያሰባችሁ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የአዲስ አበባ ልጆች ነገር ነው፣ እኛን ማን ያየናል» ያላችሁኝ ልጆች አላችሁ። በከፊል ልክ ናችሁ፣ መሣሪያውም ገንዘቡም እዚያ ነው። ግን «ፋያ ዳዪ»ን እዩት። ሐረር አካባቢ ስለ ጫት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፣ በጥቁርና ነጭ፣ ሰዎቹ በብዛት የሚናገሩት አፋን ኦሮሞ ነው። ዳይሬክተሯ ጄሲካ በሺር ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት። ፊልሙ ለ2022ቱ ኦስካር በዘጋቢ ዘርፍ ከመጨረሻዎቹ 15 ውስጥ ገባ። ከአምስቱ አልገባም፤ ግን 15 ውስጥ ያስገቡት ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ የቅድሙን አስታውሱ። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ ደግሞ እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ነው የሚልከው። ከእኛ «አትሌቱ» ሄዷል፣ «ድፍረት» ሄዷል፣ «ላምብ» ሄዷል፤ አንዳቸውም አልታጩም። ግን «ድፍረት» በ2014 በአሜሪካው ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል፣ «ላምብ» በ2015 በፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ደግሞ አትርሱ። «ሳንኮፋ»ን አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልላቸው ሲጠፋ ራሳቸው አዳራሽ እየተከራዩ አሳዩት። ፊልማቸው «ጤዛ» በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አገኘ። የትኛው ሽልማት የእናንተን ዓይነት ሥራ እንደሚያይ ማወቅ የሥራው አካል ነው፤ ሁሉም ሰው ኦስካር ኦስካር ሲል ጊዜውን ይፈጃል።

ከታጫችሁ፣ ይታጫልም፣ ያዘጋጃችሁት ምስጋና አጭር ይሁን። ኦስካር ላይ 45 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ ኦርኬስትራው ይነሳባችኋል። ፈጣሪን አመስግኑ፣ ከዚያ ስም ጥሩ፣ በተለይ ማንም የማይጠራውን ስም። ካልተጠራችሁ ደግሞ ካሜራው ፊታችሁ ላይ ነውና አጨብጭቡ፤ ማኩረፍ ከፈለጋችሁ ታክሲ ውስጥ አኩርፉ።

ዋንጫውን ሸጠን ካሜራ እንገዛለን ያላችሁኝ ሁለቱ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ኦስካር ያሸነፈ ሰው ሐውልቱን ልሽጥ ቢል አስቀድሞ ለአካዳሚው በ1 ዶላር ማቅረብ አለበት፤ ፈርሞ ነው የሚወስደው። የጉማው ላይ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አልሰማሁም፣ ግን እናታችሁ አንዴ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ካስቀመጠችው በኋላ እስቲ ማን ደፍሮ እንደሚያነሳው አያለሁ።