«አማካሪ» ወይስ «እንደራሴ»?

ጥያቄ፦ ካናዳ ውስጥ ስላለችው ስለ ፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት ታሪክ እየተረጎምኩ ነው። በ1893 እ.ኤ.አ. የክፍለ ሀገሯ ሁለት ሕግ አውጪ ቤቶች ተዋህደው አንድ ሆነዋል። «ካውንስለር» የሚባሉትን አባላት «አማካሪ»፣ አዲሱን ቤት «የሕግ አውጪ ጉባዔ» ብያለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ «አማካሪ» አያስኬድም። አማካሪ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። የደሴቲቱ ካውንስለር ግን ይወስን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴቲቱ 15 የምርጫ ወረዳዎች ነበሯት። እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ሰው ይልክ ነበር፤ አንድ ካውንስለርና አንድ አሴምብሊማን። በጠቅላላው 30 ነበሩ። አንድ አዳራሽ ይቀመጡ ነበር፤ ድምፃቸውም እኩል ነበር። ልዩነቱ መራጩ ላይ ነበር። ካውንስለሩን የሚመርጠው 325 ዶላር የሚያወጣ ንብረት ያለው ሰው ብቻ ነበር። የድሮው የላይኛው ቤት፣ ማለትም «ካውንስሉ»፣ ከ1862 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባለንብረቶች ሲመረጥ ቆይቷል። ቤቱ ሲፈርስ መብታቸው በዚህ መንገድ ተረፈላቸው።

ስለዚህ ስሙን ከመራጩ ይውሰዱት፦ «የባለንብረት እንደራሴ» እና «የሕዝብ እንደራሴ»። «ሕዝብ» ሲሉ ግን በግርጌ ያብራሩ፤ የደሴቲቱ ሴቶች ድምፅ ያገኙት በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። «ባለርስት» እንዳይሉም አደራ፤ ርስት የራሱ ታሪክ ያለው የእኛ ሥርዓት ነው።

«እንደራሴ» አርጅቷል የሚሉኝ አሉ። «ተወካይ» ይበቃል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ተወካይ ለባንክ ጉዳይም፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮም ይላካል። «እንደራሴ» ግን «እንደ» እና «ራሴ» ነው፤ ላኪው «እኔው ራሴ የተቀመጥኩ ያህል» ይላል። ራስ ደግሞ የግእዙ «ርእስ» ነው። ለሕግ አውጪ ከዚህ የተሻለ ቃል የት ይገኛል? የዛሬው ቤታችን «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት» መባሉን አውቃለሁ። ለምዷል፤ ምን ይደረግ።

አሁን ወደ «ጉባዔ»። ይህ ፊደል ሁሌም ያመኛል። ሥሩ «ገብአ» ነው፤ ገባ፣ ተመለሰ ማለት ነው። «ተጋብአ» ሲል ተሰበሰበ። መጨረሻው አልፋው «አ» እንጂ ዐይኑ «ዐ» አይደለም። ስለዚህ «ጉባኤ»። ጋዜጣውም ማኅተሙም «ጉባዔ» ማለቱ ሥሩን አይቀይረውም። አታሚዎ በ«ዔ» ካልሆነ ካሉ ግን፣ ቢያንስ መጽሐፉ ሙሉ አንድ ዓይነት ይሁን።

ሁሉንም «ምክር ቤት» ማለት ይበቃል የሚል ወገን አለ። ማስረጃም አለው፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን ሁለቱን ቤቶች «የሕግ መወሰኛ» እና «የሕግ መምሪያ ምክር ቤት» ብሎ ነው የሰየማቸው። ማስረጃው ጠንካራ ነው። ለእርስዎ ሥራ ግን አይመችም። ከ1893 በፊት «ካውንስል» እና «አሴምብሊ» ጎን ለጎን ነበሩ፤ አንባቢው እንዳይምታታበት የመጀመሪያውን «ምክር ቤት»፣ ሁለተኛውን «ጉባኤ» ይበሉ። ከውህደቱ በኋላ ያለውንም «የሕግ አውጪ ጉባኤ» ብለው ይቀጥሉ።