የኢሙኖሎጂስቱ ጥቅስ ስንት ነው? የደሴ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን እዚህ ደሴ፣ ለመምህርነት ያመለከተ አንድ የኢሙኖሎጂ (ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት መንገድ ጥናት) ተመራማሪ ሁለት ባልደረቦቼን ቡና ላይ አሟገተ። አንዷ «በሺዎች የሚቆጠር ጥቅስ አለው፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» ትላለች። ሌላው «የራሱ የሚባል ሦስት ጽሑፍ ነው ያለው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጥቅስ የምንለው ሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፍህን በጽሑፋቸው ውስጥ ሲጠቅሱት ነው። ለጆርናሎች ስገመግም ዓመታት ስለቆጠርኩ፣ የጦሳ ጉም እስኪነሳ ጥያቄ ያላችሁ አምጡ አልኩ። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጋሼ፣ ይሄ ኤች-ኢንዴክስ የሚሉት ምንድን ነው?

አብሽር፣ የሰኞ ገበያ ሒሳብ ነው። ጽሑፎችህን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረህ ደርድር፤ 40፣ 12፣ 9፣ 5፣ 5፣ 3 እንበል። አምስቱ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ ስድስተኛው ግን 6 አልሞላም። ስለዚህ ያንተ 5 ነው። የፊዚክስ ሰው የሆነው ሆርሄ ኸርሽ በ2005 ያመጣው ነው። 40 የነበረው ነገ 4,000 ቢገባ እንኳ 5ቱ ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ወደ ታች መውረድ አያውቅም፤ ሥራ ካቆምክ በኋላም ሊያድግልህ ይችላል።

ታዲያ የአመልካቹ ጥቅስ በሺዎች ሆኖ ኤች-ኢንዴክሱ ትንሽ የሆነው ለምንድን ነው?

ዝርዝሩን ከፍቼ አየሁት። አብዛኛው ጥቅስ የመጣው ከሁለት ጽሑፎች ነው፤ ሁለቱም «ግሎባል በርደን ኦፍ ዲዚዝ» ናቸው። የዓለምን የበሽታ ጫና የሚያሰላው ይህ ጥናት በላንሴት ሲወጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ይዘረዘራሉ፤ የእኛ አገር መምህራንም አሉበት። ጥናቱ ትልቅ ነው፣ መሳተፉም ያስመሰግናል። ግን ደቦ የወጣ ሁሉ ማሳው የኔ ነው አይልም። ሰውየው ስለ ቲ-ሴል (ሰውነትን ከሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች አንዱ ነው) ምን እንደሚያውቅ ከዚያ አይገኝም። እኔ መጀመሪያ የማየው የስሙን ቦታ ነው። በኢሙኖሎጂ አብዛኛውን ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ የለፋው መጀመሪያ፣ ቡድኑን የመራው መጨረሻ ላይ ይጻፋል። መሃል ላይ ያለውን ደግሞ ጠይቆ መረዳት ነው።

ኢምፓክት ፋክተሩ ከፍ ያለ ጆርናል ላይ ካወጣስ?

ኢምፓክት ፋክተር የጆርናሉ ነው፣ የሰውየው አይደለም። የ2024ቱ ሲሰላ፣ ጆርናሉ በ2022ና በ2023 ያወጣቸው ጽሑፎች በ2024 ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ ተቆጥሮ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ዳሰሳ (የሌሎችን ጥናቶች የሚያጠቃልል ጽሑፍ) ብቻ የሚያትሙ ጆርናሎች ከፍ የሚሉትም ሰው ዳሰሳ መጥቀስ ስለሚቀለው ነው።

ጃፓናዊውን ኢሙኖሎጂስት ሺሞን ሳካጉቺን እዩት። በ1995፣ ሲዲ 25 የተባለው ምልክት ያላቸው ሴሎች ተለይተው የወጡበት የቲ-ሴል ስብስብ ለአይጦች ሲሰጥ የገዛ አካላቸውን የሚያጠቃ በሽታ እንደሚያመጣባቸው አሳየ። ያን ጊዜ «አፋኝ ቲ-ሴል»፣ ማለትም ሌሎቹን የሚገታ ሴል አለ የሚለው ሐሳብ ራሱ ከገበያ ወጥቶ ነበር። ያወጣውም ጆርናል ኦፍ ኢሙኖሎጂ ላይ ነው፤ የተከበረ ነው፣ ግን ኢምፓክት ፋክተር አይተው ከሚሻሙባቸው አይደለም። ኖቤሉን ከሜሪ ብሩንኮውና ከፍሬድ ራምስዴል ጋር የተካፈለው በ2025 ነው። በሁለት ዓመት መስፈሪያ ይህን ማን ይሰፍረዋል?

ከኮምቦልቻ ነኝ። የአባቴ ስም መሐመድ ነው፤ ጽሑፎቼ የሚዘረዘሩበት የኢንተርኔት ገጼ ላይ የኔ ያልሆነ የመንገድ ግንባታ ጽሑፍ ሞልቶበታል።

የወሎ ሰው ፈተና! ፈረንጅ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል፤ መሐመድ ደግሞ ስንቱ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ በአንድ ኤም፣ በሁለት ኤም፣ በኦ፣ በዩ እያለ አራት ሰው ያደርግሃል። አንዱን ምረጥና እስከ ጡረታ አትለውጠው። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ በነጻ አውጣ። መንገዱን ደግሞ ዛሬውኑ ከገጽህ ሰርዘው፤ ለዕድገት ስትወዳደር ሌባ ያሰኝሃል።

ጎግል ስኮላር ላይ ያለኝ ጥቅስ ከስኮፐሱ ይበልጣል። የትኛውን ልጻፍ?

ሁለቱም ጥቅስ የሚቆጥሩ የኢንተርኔት መዝገቦች ናቸው። ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም፣ ገና ያልተገመገመውንም ይቆጥራል፤ ስኮፐስ የመረጣቸውን ብቻ። የፈለግሽውን ጻፊ፣ ከየት እንደወሰድሽው ግን አብረሽ ጻፊ።

«የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ጽሑፍዎን በአምስት ቀን እናወጣለን» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ገና ማስተርስ ላይ ነኝ።

ማዕረጉን ሲሰጡህ አልነቃህም? ማንም ሳያነበው ገንዘብህን ይበላሉ። እኔም አንድ ጊዜ ተበልቻለሁ፤ ከከፈልኩ በዓመቱ ድረ ገጹ ራሱ ጠፋ፣ ጽሑፌም አብሮ።

ምንም ያልሠራ አለቃ ስሜ ይግባ ሲልስ?

ፖሊ ማትዚንገር የምትባል ኢሙኖሎጂስት በ1978 ብቻዋን «እኔ» ብላ መጻፍ ከብዷት ውሻዋን ጋላድሪየል ሚርክውድ ብላ ተባባሪ ጸሐፊ አድርጋ አውጥታለች፤ ጆርናል ኦፍ ኤክስፔሪሜንታል ሜዲሲን ላይ! ለአለቃህ በጨዋታ መሃል ንገረው። ካልገባው፣ ማን ምን እንደሠራ የሚሞላበትን የጆርናሉን ቅጽ ራሱ እንዲሞላው ስጠው።

በመጨረሻ ሰውየው ተቀጠረ?

ገና ነው። የራሱን ሦስት ጽሑፎች አትሜ ለሁለቱ ሰጠኋቸው። በጥቅሱ ብዛት ስትከራከር የነበረችው ትናንት መጥታ «ሁለተኛው ላይ ኮንትሮሉ የታለ?» አለችኝ፤ ማነጻጸሪያው ቡድን ማለቷ ነው። አሁን የሚጨቃጨቁት በእሱ ነው።