ኮምፒውተሩ በየደቂቃው ባይጠይቀንስ?

ጥያቄ፦ ለአባታችን ዊንዶውስ 11 ያለው አዲስ ላፕቶፕ ገዛንላቸው። የሚፈልጉት ዜና ማንበብና ውጭ ካሉት ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ማውራት ብቻ ነው። ግን ገና ሲከፍቱት ፓስወርድ፣ ቀጥሎ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ ደግሞ «ይፈቅዳሉ?» ይላል። ምርር ብሏቸው ዘጉት። ሁሉንም ማጥፋት ይቻላል?
አንዲት አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አብዛኛውን አዎ፣ አንዱን ግን ተይው።

አብሮት የመጣ የሙከራ ጸረ ቫይረስ ካለ መጀመሪያ እሱን አጥፊው፤ «ክፈሉ» እያለ የሚነዘንዘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ዲፌንደር የሚባል የራሱ ጸረ ቫይረስ ስላለው ባዶ እጁን አይቀርም። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኖቲፊኬሽንስ ግቢ። እስከ ታች ውረጂና አዲሽናል ሴቲንግስ በሚለው ሥር ያሉትን ምልክቶች በሙሉ አንሺ። ግማሹ ጭቅጭቅ እዚያ ጋ ያልቃል።

ፓስወርዱን በአጭር ፒን ቀይሪላቸው። አካውንትስ ውስጥ ሳይን ኢን ኦፕሽንስ ላይ ታገኚዋለሽ። እዚያው፣ ቆይቶ ሲነቃ እንደገና ይጠይቅ ወይ የሚለውን ኔቨር አድርጊው፤ ላፕቶፑ ከቤት የማይወጣ ከሆነ ነው ታዲያ።

የማይነካው? ፕሮግራም ሲጫን ስክሪኑን አጨልሞ ፈቃድ የሚጠይቀው ዩኤሲ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ተንኮለኛ ፕሮግራም ሳይታወቅ የኮምፒውተሩ አዛዥ እንዳይሆን የሚከለክለው እሱ ነው። ይልቅ ለአባትሽ ስታንዳርድ አካውንት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን የሌለው አካውንት ክፈቺላቸው፤ ሙሉ ሥልጣን ያለውን የአድሚኑን አካውንት ፓስወርድ አንቺ ያዢ። ዜና ለማንበብና ለቪዲዮ ጥሪ ዩኤሲ ብቅ አይልም፤ ድንገት ካዩት «ኖ» ብለው ይደውሉልሽ።