ማረጥና የሆርሞን ሕክምና፦ ሐኪም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት

ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ ድንገት ከደረት ወደ ፊት የሚወጣ ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣት። ዕድሜያችሁ ከ45 ካለፈና የወር አበባችሁ ከተዛባ ወይም ከቀረ፣ ማረጥ መሆኑን ለማወቅ አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን የደም ምርመራ አያስፈልግም። ላቡ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ግን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይቅደም።

"ሆርሞን ካንሰር ያመጣል" የሚለው ፍርሃት የተስፋፋው በ2002 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ትልቅ ጥናት በኋላ ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። የወሰዱትም የሚዋጥ ሆርሞን ነበር፤ ዛሬ በብዛት ከሚታዘዘው ይለያል። በዓመት ከ10,000 ሴቶች መካከል 8 ተጨማሪ የጡት ካንሰር ታይቷል። አደጋው ዜሮ ነው የሚላችሁን አትመኑ፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች፣ ምልክቱ ኑሯቸውን ካወከ ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ያመዝናል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ፣ ሃርት አታክ ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ያጋጠማት፣ እንዲሁም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ይህን ሕክምና በራሷ ውሳኔ አትጀምርም።

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ማኅጸን አለ ወይስ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል የሚለው ነው። ሙቀቱን የሚያስታግሰው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው፤ ብቻውን ሲወሰድ ግን የማኅጸንን የውስጥ ሽፋን እያወፈረ ለካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ማኅጸን ያላት ሴት ፕሮጀስትሮን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን መጨመር አለባት። ማኅጸኗ የወጣ አብዛኛውን ጊዜ ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃታል። በተግባር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፦ ፕሮጀስትሮኑ ያስተኛል ወይም ሆድ ይነፋል ተብሎ እንክብሉ ይተዋል፣ ኢስትሮጅን ያለበት ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ግን ይቀጥላል። እንዲህ ከማድረግ ሁለቱንም አቁሞ ሐኪም ማነጋገር ይሻላል። ማስተኛቱን ደግሞ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ ማታ ልትተኙ ስትሉ ዋጡት።

የፕሮጀስትሮን አወሳሰድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በየወሩ ለ12 ቀን 200 ሚሊግራም ሲሆን፣ በየወሩ እንደ ወር አበባ ደም ያመጣል። ሁለተኛው ሳይቋረጥ በየማታው 100 ሚሊግራም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ጠብ ጠብ ሊል ይችላል፣ ከዚያ ግን ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ደም ባለበት ቀን ቤተ ክርስቲያን ለማትገባ ወይም ሶላት ለማትሰግድ ሴት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከአገር ውጭ የምትኖሩ ከሆነ፣ የውጭ ሐኪም ይህን አያውቅም፤ ካልነገራችሁት አይጠይቃችሁም። የወር አበባ ከቀረ አንድ ዓመት ከሞላ ሁለተኛውን መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ከተጀመረ ደሙ እየተዛባ ያስቸግራል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የፕሮጀስትሮን እንክብል ብዙ ጊዜ የኦቾሎኒ ዘይት አለበት፣ ሽፋኑም ጄላቲን ነው። አለርጂ ያለባችሁም ሆነ የእንስሳ ተዋጽኦ የማትወስዱ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ኢስትሮጅኑን በፓች መውሰድ በተለይ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም ውፍረት ላለባት ይመረጣል። የሚዋጠው በጉበት ስለሚያልፍ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ በመደበኛ መጠን በቆዳ የሚገባው ግን ይህን አደጋ የሚጨምር አይመስልም። ፓች በቀን ከ0.025 እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚለቁ መጠኖች አሉት፤ በአብዛኛው በዝቅተኛው ተጀምሮ በየሳምንታቱ ይስተካከላል። ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ ይለጠፋል፤ ጡት ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም፣ ቀበቶና ላስቲክ የሚያሽበት ቦታም አይሆንም። ቅባትና ሎሽን ያለበት ቆዳ ላይ አይይዝም። አንዳንዱ በሳምንት ሁለቴ፣ ሌላው አንዴ ይቀየራል፤ ቦታውን እያቀያየራችሁ። ገላ መታጠብ አይከለክልም።

ችግሩ የብልት መድረቅና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ብቻ ከሆነ ሰውነትን ሁሉ የሚያዳርስ ሆርሞን አያስፈልግም። 10 ማይክሮግራም ያለው የብልት እንክብል ለሁለት ሳምንት በየማታው፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ ይገባል። ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ፕሮጀስትሮን አይፈልግም።

ስለሌሎች መድኃኒቶቻችሁም ተናገሩ። ድብቅ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባችሁ ሪፋምፒን የምትወስዱ ከሆነ፣ ሆርሞኑን ቶሎ ከሰውነት ያስወጣዋል። የታይሮይድ እንክብል የምትወስዱ ደግሞ የሚዋጥ ኢስትሮጅን ስትጀምሩ የታይሮይድ እንክብሉ መጠን ሊቀየር ይችላልና ከሳምንታት በኋላ የደም ምርመራ ይደረግ። ይህ ሕክምና እርግዝናን አይከላከልም። ለአገር ቤት እህት ፓች መላክም ይቅር፤ ፕሮጀስትሮን ሳትይዝ ብትጀምር የሚከታተላት የለም።

ሆርሞን የማይሆንላት ሴት በአሜሪካ በ2023 የተፈቀደ ፌዞሊኔታንት የሚባል መድኃኒት አላት፤ በቀን 45 ሚሊግራም ይወሰዳል፣ የጉበት ምርመራ ግን ግድ ነው። ከቆዳ ሥር የሚቀበሩ፣ "ተፈጥሯዊ" ተብለው የሚሸጡ የሆርሞን ፍሬዎች መጠናቸው ቁጥጥር ስለሌለው ብር ባታፈሱባቸው ይሻላል።

ደሙ ከቆመ በኋላ እንደገና ከታየ፣ ወይም ሕክምናው ከተጀመረ 6 ወር አልፎ ካልቆመ፣ አልትራሳውንድ ጠይቁ። ቀጠሮው ላይ አስተርጓሚ ሆስፒታሉ ያቅርብ። ልጃችሁ አስተርጓሚ ከሆነ፣ ስለ ግንኙነትና ስለ ብልት መድረቅ የምትሉትን ግማሹን ትውጡታላችሁ።