ወደ ኩስኮ ለምትሄዱ ልጆቼ

በቅርቡ አንድ ወጣት መሐንዲስ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ለስብሰባ ወደ ሊማ ልሄድ ነው፤ ማቹ ፒቹን ለማየት ስንት ቀን ይበቃኛል?» አለኝ። ማቹ ፒቹ በፔሩ፣ በኩስኮ ክልል የሚገኝ የጥንት ኢንካዎች ከተማ ፍርስራሽ ነው። መልሱ አጭር ነበር። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ለእሱም ለእናንተም ልጽፍ ተነሳሁ። ስለ ቪዛና ስለ ልብስ አልናገርም፤ ያንን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንገድና በድልድይ ሥራ ነው። ፔሩም የወሰደኝ ሙያዬ ነበር። ከስብሰባው በኋላ አስተናጋጆቻችን ወደ ኩስኮ ይዘውን ሄዱ። ከከተማው በስተደቡብ፣ ኮምባፓታንና ያናኦካን አልፎ፣ በአፑሪማክ ወንዝ ገደል ላይ ቀስዋቻካ የሚባል ድልድይ አለ። ርዝመቱ 28 ሜትር ገደማ ሲሆን ሙሉ በሙሉ የተንጠለጠለው በሳር ገመድ ላይ ነው። በየዓመቱ በጁን ወር ኬቹዋ የሚባለው የአገሬው ነባር ሕዝብ የሆኑ የአራት መንደር ገበሬዎች ተሰብስበው አሮጌውን ቆርጠው ወንዝ ውስጥ ይጥሉና አዲሱን በሦስት ቀን ይሠራሉ። አጠገቡ የብረት ድልድይ ስላለ ለመሻገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ በተዉት ነበር።

የደረስንበት ዕለት የሥራው መጀመሪያ ነበር። እያንዳንዱ ቤተሰብ «ቆያ» ከሚባለው ሳር የተገመደ የድርሻውን ቀጭን ገመድ ተሸክሞ ይመጣል። ሴቶቹ ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ሳሩን በመዳፋቸው እያሹ ይገምዳሉ። ወንዶቹ ደግሞ ቀጭኖቹን በመንገዱ ላይ ዘርግተው፣ በሁለት ወገን እየጎተቱ ወፍራም ያደርጓቸዋል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ገመድ የሰው ጭን ያክላል። የሃይማኖት አባታቸው ለተራሮቹና ለምድሪቱ መሥዋዕት ያቃጥላል። ንድፍ የሚባል ወረቀት አላየሁም። እኔም ከአንዱ ጫፍ ገብቼ ጎተትኩ። ዓባይ ላይ፣ በሰባራ ድልድይ፣ ሰው በገመድ ታስሮ እየተጎተተ ሲሻገር ያየሁ ሰው ነኝና ገመድ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ወለሉን የሚሸከሙት አራት ገመዶች ናቸው፤ ሁለቱ የእጅ መደገፊያ ይሆናሉ። አራቱ እኩል ካልተወጠሩ ጭነቱ ሁሉ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ያለ መሣሪያ እንዴት ነው የሚያስተካክሉት? አንድ ሽማግሌ በአስተርጓሚ በኩል፣ «ነገ ስንወጥር ታየዋለህ» አሉኝ። ነገ ግን የማቹ ፒቹ ባቡር ትኬት ተቆርጦልን ነበር። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ሽማግሌውን ተሰናብቼ ወጣሁ።

ማቹ ፒቹን አየሁ። ውብ ነው፤ የድንጋይ ሥራው ያስደንቃል። ልቤ ግን ገደሉ ላይ ቀርቶ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 የድልድዩን እድሳት በቅርስነት ሲመዘግብ ደስ አለኝ፤ ቁጭቴም አብሮ ታደሰ። በወረርሽኙ ምክንያት አንድ ዓመት ሳይታደስ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ተበጥሶ ሲወድቅ ደግሞ አዘንኩ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ እንደገና ሠሩት።

የዛሬ ወጣቶች ፎቶ ለመነሳት እንጂ ቦታ ለማየት አትሄዱም የሚል ቅሬታ አለኝ። እኔ ራሴ ግን ያን ቀን የቋጠሮዎቹን ፎቶ አለማንሳቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ አንሱ፣ የእጆቹን ሥራ ቀርባችሁ አንሱ። ስትነጋገሩም ጥቂት የኬቹዋ ቃል ተማሩ። የኩስኮ ኬቹዋ እንደ እኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጰ አለው፤ አንደበታችሁ አይቸገርም።

አገሩን ለማየት ማቹ ፒቹ ብቻውን አይበቃም። በዚያው በኩስኮ ክልል ከ6,300 ሜትር በላይ የሚደርሰው በረዷማው የአውሳንጋቴ ተራራ አለ፤ ሥሩ አልፓካ የሚባለው ጸጉራም የቤት እንስሳ የሚግጥበት ውርጫማ መስክ ነው። ከፓውካርታምቦ ወደ ማኑ የሚወርደውን መንገድ ብትይዙ ከሳራማው ደጋ ጉም ወዳዘለው ጫካ፣ ከዚያም ወደ አማዞን ቆላ ትደርሳላችሁ። በኪያባምባ በኩል ቡና ይበቅላል። ይህን ሁሉ ትቶ ለአንድ ፍርስራሽ ብቻ ውቅያኖስ መሻገር አይገባኝም። ማቹ ፒቹን ዝለሉ ማለቴ ግን አይደለም፤ እዚያ ደርሶ አለማየትም ይቆጫል።

አዲስ አበባ ስላደጋችሁ በከፍታው አትመኩ። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእኛ ከተማ በ1,000 ሜትር ይበልጣል። እንደደረሳችሁ ዝቅ ወዳለው ወደ ኡሩባምባ ሸለቆ ወርዳችሁ እደሩ።

ከእናንተ መካከል በጁን የሚሄድ ካለ ሥራው የሚጀመርበትን ቀን ኩስኮ ውስጥ ይጠይቅ፤ ሁለተኛው ቀን እንዳያመልጠው። ወንዶቹ ገመዱን ሲወጥሩ የሚያዩት ምኑን ነው? የገመዱን መርገብ በዓይን ይለኩታል ወይስ በሌላ? ንድፉን ሠርታችሁ ላኩልኝ።